ከግምቡ ደጃፍ የወጣች ሙሽራ

ትኬት ቆርጬ ከርቸሌ ስገባ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው ጥር የልጅ ልጃችን ለእረፍት መጥቶ እኔንና ባለቤቴን ብርቄን መኪናው ውስጥ ከኋላ አስቀመጠንና «ዛሬስ አገራችሁን እኔ ላሳያችሁ» ብሎ ከአሰላ ወደ በቆጂ መንገድ ይዞን ወጣ። ሳጉሬ ሳንደርስ ጋራው ላይ የተቀመጠውን ግምብ ሲያይ መኪናውን ጠመዘዘ። ብርቄ ወደ እኔ ዞር አለች፣ እኔም ወደ እሷ። በሩ ላይ ዛሬ ሰሌዳ ተተክሏል፣ በቆርቆሮ የተሠራች የትኬት ቤት አለች፣ ከትኬት ቤቷ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ልጅ ተቀምጣለች። «ለአገር ውስጥ ጎብኚ ሃምሳ ብር ነው አባባ» አለችኝ። ለጡረተኛስ ብላት ለጡረተኛም ያው ነው አለች። በእኛ ጊዜ መግቢያው በነፃ ነበር፣ የሚያስቸግረው መውጫው ነበር ብላት ልጅቷ አልሳቀችም። ብርቄ ግን በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። ይኸው ከሃምሳ ዓመት በላይ በዚያ ክርን እየተጎሰምኩ ነው የኖርኩት፤ ጎኔ አንድ ቀን ሳይጎሰም ቢያድር ታምሜአለሁ ብዬ ሐኪም ቤት ሳልሄድ አልቀርም።

ግምቡን ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው አላየሁም። በቆጂ ልጅ ሆኜ የሰማሁት አንድ የጥንት ንጉሥ ወደ ባሌ ሲዘምት አሠራው የሚል ነው። የአሰላ እስላሞች ደግሞ የለም፣ የኢማም ቤት ነበር ይላሉ። የአገሩ ኦሮሞ ሽማግሌዎች በሁለቱም ይስቁና፣ አያቶቻችን ከብት ሲያግዱ እዚሁ ነበር፣ የአያቶቻችን አያቶችም እዚሁ ነው ያገኙት ብለው ይዘጉታል። ግድግዳው ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ የሚሞላው ውፍረት አለው። አንዱ ማዕዘን ላይ ክብ ማማ አለ፣ ግማሹ ፈርሷል፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ረጅም ሰው ሳያጎነብስ አይገባም። አስጎብኚው ወጣት፣ ደህና ልጅ ነው፣ «የመካከለኛው ዘመን» እያለ ብዙ አብራራልን። በእኛ ጊዜ ግን ግምቡ ዘመን አልነበረውም። ግምቡ ወህኒ ቤት ነበር። «እገሌ ግምቡ ገባ» ከተባለ አልቋል፣ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። እናቶች አልተኛ ያለ ልጅ ሲያስፈራሩ እንኳ ጅቡን ትተው ግምቡን ይጠሩ ነበር።

የማወራው የስድሳዎቹን መጀመሪያ ነው። ዓመቱን ቁርጥ አድርገህ ተናገር ብላችሁ አታድክሙኝ። ቴርጋል ሱሪ ከላይ እየጠበበ ከታች መስፋት የጀመረበት ዓመት ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ሰፊ ሱሪዬን ለብሼ ዋናው መንገድ ላይ ስሄድ የጋሪ ፈረሶች ሳይቀሩ የዞሩብኝ ይመስለኝ ነበር። ሐጂ አማን ጨርቅ ቤት እሠራ ነበር። ሐጂ ጠይም፣ ረጅም፣ ነጭ ኮፍያቸው ከጭንቅላታቸው የማይለይ የአርሲ ሰው ነበሩ፤ ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ፣ ከመኮንኖቹ ጋር በአማርኛ፣ ከአረቡ አከፋፋይ ጋር ደግሞ በአረብኛ ይከራከሩና በሦስቱም ይረታሉ። ፖፕሊን ነበር፣ አቡጀዲ ነበር፣ ካኪ ነበር፣ ሴቶቹ የሚሻሙበት አበባ አበባ ያለበት ናይለን ነበር። በስሙኒ አንድ ሰው ጠግቦ ይበላ ነበር፣ ከገበያ እስከ ላይኛው ሰፈር ጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር፤ አሥር ሳንቲሟን ለመቆጠብ ግን ሁላችንም በእግራችን ነበር የምንሄደው። ከቀትር በኋላ ከጭላሎ ያ ውርጭ የቀላቀለ ነፋስ ይወርዳል፣ ባህር ዛፉ ይንሾካሾካል፣ ከማዶ ቡና ቤት የሬዲዮ ዘፈን ይመጣል፤ እኔም በሜትር እንጨቴ ባንኮኒውን እየመታሁ አብሬ አዜማለሁ። ሐጂ «ተስፋዬ፣ ሜትሩ የሚለካበት እንጂ የሚደለቅበት አይደለም» ይሉኝ ነበር።

ብርቄ የመጣችው ክር ፍለጋ ነው። ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፤ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የቀሚስ ጥለት። መጀመሪያ ቀይ ክር ገዛች። በሳምንቱ አረንጓዴ። በሦስተኛው ጊዜ ሰማያዊ ስትል፣ እሱ አልቋል ሰኞ ይመጣል አልኳት፤ ሰማያዊው ክር እግሬ ሥር በካርቶን ሙሉ ተቀምጧል። ሰኞ መጣች። ውሸቴን እንዳወቀችው የነገረችኝ ከተጋባን በኋላ ነው፣ ካርቶኑ ከባንኮኒው ሥር ይታይ ነበር አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን ስድስት ወር ሞላን፤ ቤቷ ያለው ክር ለአገር የሚበቃ ሆነ፣ እኔም ሽማግሌ የምልክበት ጊዜ ደረሰ።

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። እናቷ በልጅነቷ ሞተውባት ያሳደጓት አባቷ ናቸው፤ አባቷ ደግሞ ግምቡ ውስጥ ናቸው። አቶ መኩሪያ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ካለው ጽድ ሥር ጠረጴዛቸውን ዘርግተው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መጻፍ ለማይችለው ሰው ሁሉ አቤቱታውን ይጽፋሉ። የእጃቸው ጽሑፍ ያምራል ተብሎ ከጢቾ ድረስ ይመጣባቸው ነበር። በዚያ ሰሞን ትራክተር ወደ አርሲ ገባ፣ ከትራክተሩ ጋር ባለመሬቱ ጭሰኛውን ማባረር ጀመረ። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ ሽማግሌ ከነጎረቤቶቻቸው «የት እንሂድ?» ብለው ወደ ጽዱ ሥር መጡ፣ አቶ መኩሪያም ጻፉላቸው። ከሌላው ጊዜ ይልቅ አሳምረው ሳይጽፉት አልቀሩም፤ ማመልከቻው ያረፈበት ቦታ አልወደደውም። ኦቦ ገመዳ ከመሬቴ አልነሳም ብለው ግምቡ ገቡ፣ አቶ መኩሪያም አነሣሥተሃል ተብለው ተከትለው ገቡ። ብርቄ አጎቷ አቶ ሽፈራው ቤት ተጠጋች። በየእሁዱ የገብስ ጭኮ በቅቤ አሽታ፣ ዳቦ ጋግራ፣ በሕዝብ መኪና ተሳፍራ ትጠይቃቸዋለች።

ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ሽማግሌዎቼን ወደ አጎቷ ቤት ላክሁ። ለምን ብባል መልስ ነበረኝ። የምትኖረው እሱ ቤት አይደል? ሽማግሌ ያለ ወግ ወህኒ ቤት ደጅ ቆሞ ልጅ ይጠይቃል? እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በቆጂ ላለችው እናቴ የልጅቷ አባት ሩቅ አገር ሥራ ላይ ናቸው ብያታለሁ። ዘመዶቼ የከርቸሌ አማች አመጣ እንዳይሉኝ ፈርቻለሁ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ሱሪዬ ሰፊ ነው፣ ልቤ ግን እንደዚያ አልሰፋም ነበር። አቶ ሽፈራው ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጦ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ ልጅቷን ላማክር ብሎ ሸኛቸው። ያማከራት ዕለት ነገሩ ፈረሰ።

በማግስቱ ጧት ብርቄ ወደ ሱቁ ገባች። ፊቷ የተኛ አይመስልም። ሰላም ሳትለኝ «አራት ሜትር ጥቁር ጨርቅ ቁረጥልኝ» አለች።

ለጥልፍ ነው ብዬ ምን ዓይነት ጥቁር አልኳት።

«ለሐዘን የሚሆን። አባቴ ሞተዋል አሉኝ።»

ደነገጥኩ። ማን አለሽ፣ መቼ፣ እያልኩ ተንተባተብኩ።

«አንተ ነሃ ያልከው። አባት እያለ አጎት የሚጠየቀው አባት ሲሞት ነው። እኔ አልሰማሁም ነበር፣ አንተ ቀድመህ ሰምተሃል። እንግዲህ ልልበስላቸው፣ ቁረጥ።»

ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። ሁለት ገበሬዎች ካኪ እያገላበጡ ነበር፣ እነሱም ጨርቁን ትተው ወደ እኛ ዞሩ። ብርቄ፣ ጨርቁን አልቆርጥም ካልክ የጀመርነውን ቁረጠው፣ ከዛሬ ጀምሮ ክር የምገዛው ከማዶ ሱቅ ነው ብላ ወጣች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሐጂ ከጓዳው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ሲወጡ የወደቀውን ሜትር አንሥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩ። ከዚያ፣ እናትና አባት በሕይወት እያሉ መቅበር በየትኛውም ሃይማኖት የለም፣ በእኔም የለም በአንተም የለም አሉኝ። እኔ ራሴን ለማዳን የሆነ ነገር ላጉረምርም ስሞክር፣ ተወው፣ የሠራኸውን ሠርተሃል፣ አሁን የሚያዋጣው አባቷን ራሳቸውን መጠየቅ ነው፤ ሽማግሌው እኔ ነኝ፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ፈልግ አሉ። የንስሐ አባቴንና ከሱቃችን በረንዳ ላይ ስፌት መኪናውን ተክሎ የሚሰፋውን አቶ ደሴን ለመንኩ። እሁድ ጧት አንድ ሐጂ፣ አንድ ቄስና አንድ ልብስ ሰፊ አንድ ጋሪ ላይ ተጨናንቀው፣ ፈረሱ ደከመው አልደከመው እያሉ እየተጨቃጨቁ፣ ለእኔ ሚስት ሊያመጡ ወደ ግምቡ ወጡ። የወግ ነገር ሆኖ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና እኔ ሱቁን ዘግቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

የሆነውን የሰማሁት ከሐጂ ነው፤ አቶ ደሴም ነግሮኛል፣ እሱ ግን ልብስ ብቻ ሳይሆን ወሬም ይቀጥላል። ያን ጊዜ ጠያቂና እስረኛ የሚተያየው በቦይ ማዶ ነበር። ግምቡን ዙሪያውን የከበበ ጥልቅ ቦይ አለ፣ በዚህ ዳር ጠያቂ፣ በዚያ ዳር እስረኛ፣ በመካከል ዘበኛ። ስፋቱ አሥር እርምጃ ያህል ስለሆነ ሁሉም ይጮኻል፤ ላሟ ወለደች፣ ልጁ ስምንተኛ ክፍል አለፈ፣ እማማ ታማለች፣ ሁሉም ባንድ ላይ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በዚያ ጩኸት መካከል ተሰልፈው ቆሙ። አቶ መኩሪያ ጋቢያቸውን አጣፍተው ብቅ ሲሉ ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወጉ፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል አሉ። ጩኸቱ ቀስ በቀስ ቆመ። ዘበኛው ሳይቀር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። አቶ መኩሪያ «ቆማችሁ አትቅሩ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ፤ መቀመጫ ግን የለም፣ ጭቃ ነው። ቄሱም እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሞላ አንቀመጥም አሉ። ከዚያ አቶ መኩሪያ እንደ ማንኛውም የአገሩ አባት፣ ቤተ ዘመድ ላማክር፣ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ተመለሱ አሏቸው። ከወዲያም ከወዲህም ሳቅ ሆነ፣ የደስታ ሳቅ ነው ይላሉ ሐጂ።

ቤተ ዘመዱ ማን መሰላችሁ? እስረኛው ነው። እዚያ ክብ ማማ ሥር ኦቦ ገመዳን ዳኛ አድርገው ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘሬን ሲቆጥሩ ሰነበቱ። ከሊሙ የመጣ በግ ነጋዴ የአባቴን ወገን ያውቃል ተባለ። በቆጂ ላይ ተጣልቶ የገባ አንድ ጎልማሳ የእናቴን። ኦቦ ገመዳ ራሳቸው አያቴን በፈረስ ጉግስ ያውቁት ኖሯል፣ ከፈረስ እንጂ ከቃሉ ሲወድቅ አላየሁም ብለው መሰከሩልኝ። እስከ ሰባት ትውልድ ወጥተው ወርደው ዝምድና እንደሌለን አረጋገጡ። ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። እነዚያ ሰዎች ሚስት፣ ልጅ፣ ማሳ ሁሉ ከቦዩ ማዶ ቀርቶባቸው ሳለ አንድ ያላዩትን ጨርቅ ሻጭ በቦይ ማዶ ብቻ ለሚያውቋት ልጅ ይመጥን አይመጥን እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። አስጎብኚው ማማውን ሲያሳየን ስለ ቀስተኞችና ስለ ጠባቂዎች ነገረን። እኔ የታየኝ ግን እዚያ ጥላ ሥር ዘሬን በጣታቸው የሚቆጥሩት ሰዎች ናቸው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ የመጣው መልስ እንዲህ ነበር፤ ዘሩ ጥሩ ነው፣ ልጁን ግን ራሱን አምጡልኝ። ይህ ከወግ ውጪ ነው፣ ሙሽራ ለምኖ አያውቅም። ሐጂ ግን፣ ከወግ ማን ቀድሞ ወጣ? አሉኝ። በሚቀጥለው እሁድ ሄድኩ። ብርቄም ጭኮዋን ይዛ እዚያው ቦይ ዳር ቆማለች፤ ከዚያ ጧት ወዲህ ሳናወራ ይህ አንድ ወር ሊሆን ነው። እኔን ስታይ ፈቀቅ አለች፣ አልሄደችም ግን። አቶ መኩሪያ መጡ። አጭር ሰው ናቸው፣ ሽበታም፣ መነጽራቸው ያለችው እዚያው ግንባራቸው ላይ ነው። ከዚያ ርቀት ቀስ ብሎ መናገር አይቻልም።

«ሽማግሌህ ቀድሞ ወንድሜ ቤት የሄደው ለምንድን ነው?» አሉ።

አጎቷ ስለሚያኖራት ነው ልል ነበር፤ ያን መልስ ይዤው ነው የመጣሁት። ብርቄን አየኋት። እግሯን ነው የምታየው።

«አፍሬ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁህም።»

«አፍሬ ነው» ብዬ ጮህኩ። ቦይ ዳር ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«በማን?»

«በእርስዎ። እስረኛ በመሆንዎ።»

እንዲህ ያለ ቃል ለአማች ይጮኻል? ጮኽኩ። አቶ መኩሪያ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አየት አየት አደረጉኝና «አሁንስ?» አሉ።

«አሁን የማፍረው በራሴ ነው።»

ከዚያ ጸሐፊ ናቸውና ቃላቸውን አስተካክለው አወጡት። «ይህን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ካልክ ልጄን ሰጥቼሃለሁ። ከአጎቷ ቤት ግን አትወስዳትም። ሙሽራ ከአባቷ ቤት ነው የምትወጣ። የኔ ቤት ለጊዜው ይኸው ነው።» ብርቄ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እኔ ጋ መጥታ አይደለም፣ እዚያው ቆማ፣ ጭኮውን ታቅፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሩጫ ወር ነው። በቆጂ ሄጄ ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። እናቴ ዕቃዋን እያጠበች፣ እኔስ ከሽማግሌዎቹ በፊት ሰምቻለሁ፣ አንተ መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ነበር አለችኝ። አጎቶቼ ግን፣ ሙሽራ ከከርቸሌ ደጃፍ ትነሣለች እንዴ፣ ገድ የለውም እያሉ አጉረመረሙ፤ እሷ፣ ገድ የሌለው ያለ አባት ምርቃት የሚገባ ሙሽራ ነው ብላ ዝም አሰኘቻቸው። ሐጂ ወደ ወህኒ ቤቱ አዛዥ፣ ወደ መቶ አለቃው፣ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደንብ የሚፈራ ሰው ነበር። በመጨረሻ፣ እስረኛ ከበሩ አይወጣም፤ ሰርገኛው ግን በቦዩ ድልድይ ተሻግሮ እስከ በሩ ይምጣ፣ አባትዬው ከውስጥ በኩል ደፉ ላይ ይቀመጡ፣ አንድ ሰዓት ብቻ አለ። አንድ ሌላ ነገርም ነበረው፣ እሱን ለአቶ መኩሪያ ብቻ ነው የነገራቸው።

የሠርጉ ዕለት ጥር ነው፣ ስንዴው ታጭዷል፣ አገሩ ሁሉ ገለባ ገለባ ይሸታል። ኤንትሬ የጭነት መኪና ተከራይተን በጽድ ዝንጣፊ ሸለምናት። ሙሉ ልብሴ ግራጫ ነው፣ አቶ ደሴ ራሱ ሰፍቶልኛል፣ ሱሪው ጫማዬን ይሸፍነዋል። የብርቄ ቬሎ ከናዝሬት በኪራይ የመጣ ነው፣ ወገቡ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። እሷ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ሄዳ በሩ አጠገብ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ከሚዜዎቼ ጋር ከበሮ እያስመታሁ ጋራውን ወጣሁ። በድልድዩ ስንሻገር ከውስጥ ዘፈን ተነሣ። በሠርግ የሙሽሪት ወገን በር ላይ ቆሞ አናስገባም እያለ ሰርገኛውን ያስለምናል አይደል? እስረኞቹ በዚያ ዝቅተኛ በር ተጨናንቀው ቆመው አናስገባም ይሉናል። በአርሲ ምድር ሰው በፈቃዱ ገብቶ የማያውቀው ያንን በር ነበር፣ ያን ቀን ግን እኛ አስገቡን ብለን እየለመንን ነበር። ሚዜዬ ሳቁ አሸንፎት የሚመልሰው ግጥም ጠፋው። ጠብመንጃ የያዘው ዘበኛ ራሱ ማን ይመን፣ የሙሽሪትን ወገን ደግፎ በእግሩ ይመታ ነበር።

አቶ መኩሪያ ሊወጡ ሲሉ ዘፈኑ ድንገት ጋለ። ቆርቆሮ የያዘ ቆርቆሮውን፣ ጣሳ የያዘ ጣሳውን መደብደብ ጀመረ፣ ኦቦ ገመዳ በዱላቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ጆሮ እስኪደነቁር ድረስ። ደስታ ነው አልኩ። አቶ መኩሪያ በዚያ ጫጫታ መካከል ቀስ እያሉ፣ ነጭ ጋቢያቸው እስከ መሬት ወርዶ፣ ኦቦ ገመዳን ተደግፈው መጡና ደፉ ላይ በተዘረጋው አጎዛ ተቀመጡ። ጫጫታው ቆመ። ብርቄ ቬሎዋን ሰብስባ ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ሳመች። ጎንበስ ብለው በጆሮዋ ረጅም ነገር አሏት፣ ራሷን ነቀነቀች። ኦቦ ገመዳ እጃቸውን ዘርግተው «ሆራ፣ ቡላ» አሏት፣ ርቢ፣ ኑሪ እንደማለት ነው፤ እስረኛው ሁሉ አሜን አለ።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። ተንበርክኬ ቀኝ ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ግራውንም ልስም ስል ሚዛኔን ለመጠበቅ እጄን ወደ ቅልጥማቸው አሳረፍኩ። ከጋቢው ሥር ብረት ነው። ቀዝቃዛ፣ ወፍራም ብረት፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ቁርጭምጭሚት። የመቶ አለቃው ደንብ ይህ ነበር፤ ወደ በሩ የሚቀርብ እስረኛ እግር ብረት ይገባል። እኒህ ሰው ግምቡ ከገቡ ጀምሮ ታሥረው እንጂ በብረት ታሥረው አያውቁም ነበር። ልጃቸው ጉልበታቸውን እንድትስም ያን ቀን በፈቃዳቸው ገቡበት። ቆርቆሮው ለምን እንደተደበደበ ያኔ ገባኝ። ቀና ልል ስል ራሴን በእጃቸው ይዘው እንደሚስሙኝ ሆነው «ብረቱን ለብርቄ አትንገራት» አሉኝ። «ደስ ብሏት ትሂድ።»

አልነገርኳትም። ሰርገኛው ጋራውን ወርዶ ሳይጨርስ ብረቱ እንደተፈታ ኋላ ኦቦ ገመዳ ነገሩኝ። ያ ብዙ ነገር የተገለባበጠበት ዓመት መጣ፣ የግምቡ በር ተከፈተ፣ አቶ መኩሪያ ወደ እኛ መጡ። ከጓሮ ባለችው ቤታችን ሰባት ዓመት ኖሩ፤ እዚያው ጽድ ሥር ጠረጴዛቸውን መልሰው ዘርግተው በአዲሶቹም ገዢዎች ጊዜ አቤቱታ ይጽፉ ነበር፣ አቤቱታ ጊዜ አያልቅበትም ይላሉ። እንደ አባት ሆነውልኛል። ልጆቻችንን ፊደል ያስቆጠሩ እሳቸው ናቸው። ስለ ብረቱ ግን እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አላነሣሁ። ሲሞቱ ብርቄ ጥቁር የገዛችው ከእኔ ሱቅ ነው፤ አራት ሜትር ለክቼ ቆረጥኩላት።

እንግዲህ ባለፈው ጥር አስጎብኚው አንድ ጨለማ ክፍል አስገባን። ግድግዳው ላይ ዝገት የበላው እግር ብረት ተሰቅሏል። ይህ ለነፍሰ ገዳይ ብቻ ይደረግ የነበረ ነው አለን ልጁ፣ የተማረውን ይናገራል።

«ለነፍሰ ገዳይ ብቻ አይደለም ልጄ» አለች ብርቄ። «ለሙሽራ አባትም ያደርጉት ነበር።»

ዞሬ አየኋት። ብረቱን ነው የምታየው።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«ስንበረከክ ግንባሬ ነካው። ለተስፋዬ አትንገሪው፣ ያ ልጅ ዳግመኛ እንዳያፍር አሉኝ።»

ለእኔም አትንገራት ብለውኝ ነበር ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቴን አይታ ሳልናገር ገባት። ሁለታችንም አንድ ጎጆ ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ አንዱ ለሌላው ሲሸሽግ ስንት ዘመን ሆነ። የልጅ ልጃችን ምን ሆናችሁ እያለ ይጠይቃል፣ አስጎብኚውም ማብራሪያውን አቁሞ ቆሟል፣ ከኋላችን ሌሎች ጎብኚዎች ገብተዋል።

«ታዲያ ዛሬ ለምን ነገርሽኝ?» አልኳት።

«ዛሬማ አታፍርም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።